በአንድ ገጽ ላይ አራት እጅ

ገዲሴ በልጃገረድነቷ ወተት ታመላልስ ነበር። ዛሬ ለቡ ላይ ፎቁ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የቆመበት ቦታ ሁሉ ያኔ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት ማሳ ነው። ከሀና ማርያም ጀርባ ከአባቷ ግቢ ወጥታ፣ ቅሉን አዝላ፣ ሽምብራውን በግራ ትታ፣ ጨፌውን በዳር በዳሩ ይዛ፣ ወንዙን ተሻግራ መካኒሳ አቦ ትደርሳለች። መንገዱን የምታውቀው በኪሎ ሜትር አልነበረም፤ በስም ነው። እያንዳንዷ ቁራሽ መሬት ስም ነበራት። የሚያንሸራትተው አፋፍ ስም ነበረው፣ ከብት የሚጠጣበት ምንጭ ስም ነበረው፣ ወንዙም ቢሆን ከላይ በአንድ ስም፣ ከታች በሌላ ስም ነበር የሚጠራው። ጥጃ ሲጠፋ የሚፈለገው በእነዚህ ስሞች ነው። ሙሽራ ሲመጣም "እዚህ ጋ ደርሰዋል" የሚባለው በእነዚሁ ስሞች ነበር።

አሁን ሰባ ሁለት ዓመቷ ነው። ሚኒባስ ላይ ስትቀመጥ ረዳቱ የሚጠራው ሌላ ነው፤ ማደያው ጋ ይላል፣ አደባባዩ ጋ ይላል፣ የማታውቀውን ሕንፃ ስም ይላል። እሷ በመስኮቱ እያየች በሆዷ የድሮውን ትጠራለች። አንዳንዱ ይመጣላታል። አንዳንዱ አፏ ላይ ደርሶ ይመለሳል።

እነዚያን ስሞች የሚያውቁ ሰዎች እስከ ባለፈው ጥቅምት አምስት ነበሩ። ጥቅምት ላይ ደገፋ ሞተና አራት ሆኑ።

ነገሩ የተጀመረው በሱ ለቅሶ ላይ ነው። ድንኳኑ ውስጥ አራቱ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ኮርሳ አሉ፤ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ በዘመናቸው የሁለት ጥንድ በሬ ጌታ ነበሩ፣ አሁን ለቡ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ልጃቸው ቤት ናቸው፤ ጉልበታቸው ደረጃውን እሺ ስለማይላቸው ለለቅሶ ካልሆነ አይወርዱም። ቡዜ አለች፤ የገዲሴ እኩያ፣ አብራት ወተት ያመላለሰች፣ አሁን ጀሞ ከልጇ ጋር የምትኖር። ዙሌካም አለች። ዙሌካ ከስልጤ በኩል በአሥራ አምስት ዓመቷ ለያሕያ ተድራ መጥታ፣ መካኒሳ አቦ ሱቅ ከፍተው፣ የወተቱ ደንበኛ የነበረች ናት። የሴቶቹን ቅል ተቀብላ የምታሳርፋቸው እሷ ነበረች።

ጋሽ ኮርሳ ሐዘንተኛውን ለማጫወት ብለው ስለ አንድ በሬ ያወሩ ጀመር። በሬው ወንዙ ላይ፣ ከብት የሚሻገርበት መልካ ላይ፣ ጭቃ ይዞት ደገፋ ብቻውን ጎትቶ እንዳወጣው። መሃል ላይ ቆም አሉ። የመልካው ስም ጠፋቸው። ቡዜ አንድ ስም ወረወረች፣ ገዲሴ እሱ የላይኛው ነው አለች፣ ዙሌካ ግንባሯን ያዘች። ሁሉም ሲፈልጉ ጋሽ ኮርሳ እጃቸውን አነሡና፣

"ቆይ፣ ደገፋን እንጠይቀው" አሉ።

ገዲሴ የጫማዋን ጫፍ ስታይ ቆየች።

ቤት ስትገባ ለልጇ ለሌንሳ ነገረቻት። ሌንሳ ለቡ ላይ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ አላት፤ ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ እጇ ፈጣን፣ ትዕግስቷ አጭር። ገዲሴ ለማልቀስም አልተመቻትም፣ ለመሳቅም። እንዲህ ብቻ አለቻት፤ "ቀጥሎ ከመካከላችን ማን እንደሚሄድ አላውቅም። ማንም ቢሄድ ግን የያዘውን ይዞ ነው የሚሄደው። ጻፊልን።"

ሌንሳ መጀመሪያ ደብተር ገዛች። እየዞረች አንድ በአንድ ጠየቀቻቸው። ይህ አልሆነም። ጋሽ ኮርሳ አምስት ስም ሰጥተዋት ሻይ ጋበዟት። ቡዜ ስለ ሠርጓ አውርታ ጨረሰች። ገዲሴ ራሷ የገዛ ልጇ እስክሪብቶ ይዛ ፊቷ ስትቀመጥ ፈተና ላይ ያለች መሰላትና ያባቷ ማሳ ስም ሳይቀር ጠፋባት። በድንኳኑ ውስጥ ግን፣ ያን ቀን፣ ከመልካው በቀር ስሙ ሁሉ እንደ በቆሎ እሸት ሲፈለፈል ነበር። ሌንሳ ይህን አስባ አስባ አንድ ነገር ገባት፤ እነዚህ ሰዎች አንድ በአንድ ሲሆኑ አያውቁም፣ አራት ሲሆኑ ያውቃሉ። አንዱ ይሳሳታል፣ ሌላው ይናደዳል፣ ሦስተኛው በንዴቱ መሃል ትዝ ይለዋል። አንድ ቦታ እንዳትሰበስባቸው ደግሞ የጋሽ ኮርሳ ደረጃ አለ፣ የጀሞ ታክሲ ሰልፍ አለ፣ የዙሌካ ስኳር በሽታ አለ።

ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈተችላቸው። እሱስ ሞቅ አለ፤ ከመጠን በላይ ሞቀ። የድምፅ መልእክት በድምፅ መልእክት ላይ፣ የበዓል አበባ በአበባ ላይ፣ ጸሎት በጸሎት ላይ መጣ። ዓርብ የተነገረ ስም ሰኞ ሲፈለግ የለም። ገዲሴ በጣቷ ወደ ላይ ስትገፋ ውላ ስልኩን ሶፋው ላይ ጣለችው። "ጎርፍ ነው። ያመጣውን መልሶ ይወስዳል" አለች።

ያኔ ነው ሌንሳ ስለ ዊኪ ያነሣችው። ብዙ ሰው የሚጽፍበት መጽሐፍ ነው አለቻት። ገጽ በገጽ ነው፣ ለያንዳንዱ ማሳ አንድ ገጽ፣ ለያንዳንዱ ምንጭ አንድ ገጽ። የተሳሳተውን ማንም ያርማል፣ የድሮው ጽሑፍ ግን ከሥር ተቀምጦ ይቆያል። እንዲህ ያለውን ነገር ኩባንያዎች በነፃ ይሰጣሉ፣ ወይም ደግሞ ፕሮግራሙን አውርደሽ በራስሽ ኮምፒውተር ታስቀምጫለሽ።

ገዲሴ እዚህ ላይ አላመነታችም። "በቤታችን ይሁን" አለች። እዚያ ገጽ ላይ የሚጻፈው የማን ማሳ ከማን እንደሚዋሰን ነው፣ ማን ከማን ጋር ስለ ድንበር እንደተጣላ ነው፣ የማን ልጅ በየትኛው ማሳ በኩል ተጠልፋ እንደሄደች ነው። ይህ ባሕር ማዶ ያለ የማታውቀው ሰው ሳጥን ውስጥ እንዲቀመጥ አልፈለገችም። ሌንሳም የራሷ ምክንያት ነበራት። ነፃ የተባለ ነገር አንድ ቀን ጠዋት ተዘግቶ ሲገኝ አይታለች። ስለዚህ ከሱቋ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አምጥታ፣ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ባትሪ አያይዛ፣ ሳሎን ከቡፌው ጎን አስቀመጠችው። ገዲሴ ዳንቴል አለበሰችው። ሌንሳ ይሞቃል፣ ይታፈናል ብላ ዳንቴሉን አነሣች። በማግስቱ ተመልሶ ለብሶ አገኘችው። በመጨረሻ አየር በሚገባበት በኩል ክፍት ትተው ታረቁ።

ሳጥኑ እንዲህ ተገኘ፤ የቀረው በውስጡ የሚሠራውን ፕሮግራም መምረጥ ነው። ሌንሳ ዓይነቱ ብዙ ነው አለች፤ ማታ ማታ ስታነብ፣ ስታወዳድር ሰነበተች። ገዲሴ ግን መምረጫው አንድ ብቻ ነው ባይ ነበረች። አራታችን እኩል መጻፍ እንችላለን ወይ፣ ይኸው ነው።

የመጀመሪያውን ገዲሴ "ቆላፊው" አለችው። ቀላል ነው፣ ፈጣን ነው፣ አሮጌው ኮምፒውተር ላይም አይከብድም፤ ሌንሳ በጣም ወዳው ነበር። ጠባዩ ግን አንድ ሰው ገጹን ለመጻፍ ከከፈተ ለሌላው ይዘጋል። እሑድ ጠዋት ጋሽ ኮርሳ ገጹን ከፈቱ፣ አንድ መስመር ጻፉ፣ ከዚያ ታብሌቱን እንደተከፈተ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በሬዲዮ ቅዳሴ ማዳመጥ ጀመሩ። ቅዳሴው ደግሞ የበዓል ነው፣ ረጅም ነው። ሦስት ሴቶች በሦስት ሰፈር ስልካቸውን ይዘው በር ላይ እንደቆመ ሰው ሲጠብቁ አረፈዱ። ቡዜ ደወለችና፣ ጋሽ ኮርሳ ቁልፉን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ገብተዋልና በምን ይከፈት ስትል ጠየቀች። ቆላፊው በዚያው ቀረ።

ሁለተኛው ትልቅ ስም ያለው ነው፤ ዓለም ሁሉ የሚጠቀምበት ዓይነት ነው አለች ሌንሳ። ይኸኛው ማንንም አይዘጋም። አራቱም በየስልካቸው ይከፍታሉ፣ በየራሳቸው ይጽፋሉ፣ ሲጨርሱ ያስቀምጣሉ። ለሦስት ቀን ደህና ሄደ። በአራተኛው ቀን ዙሌካ ከዙህር ሶላት እስከ አስር ሶላት ቁጭ ብላ ጻፈች። ዙሌካ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች፣ ጽሕፈቷ ከሁሉም ይሻላል። ወተት አመላላሾቹ ሴቶች የቀሚሳቸው ጫፍ ረጥቦ እንዴት እንደሚመጡ፣ ከየትኛው በኩል ለመጡት ጭቃው ጥቁር፣ ከየትኛው በኩል ለመጡት ቀይ እንደነበር፣ ያንን አይታ ብቻ ማን በየት እንደመጣች ታውቅ እንደነበር ጻፈች። ማንም ሌላ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ደጃፉ የሷ ነበርና።

ቡዜ ደግሞ ያንኑ ገጽ ከረፋድ ጀምሮ ከፍታ ትታው እንግዳ ስታስተናግድ ውላለች። ወደ ማታ ሁለት መስመር ጨመረችና አስቀምጥ አለችው። አንድ ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ብቅ አለ። ቡዜ የመጣላትን ቁልፍ ተጫነች። ዙሌካ ከሰዓቱን ሙሉ የጻፈችው ጠፋ።

ዙሌካ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ገዲሴ ስትደውልላት ድምፅዋ እንደ እንግዳ ሰው ድምፅ ቀዝቅዞ አገኘችው። "ግድ የለም ገዲሴዬ" አለቻት። "መሬቱ የናንተ ነው። እኔ በኋላ የመጣሁ ሰው ምን አገባኝ። ቡዜም ሳታውቅ ያደረገችው አይመስለኝም።"

ገዲሴ ስልኩን ዘግታ ተቀመጠች። ሃምሳ ሁለት ዓመት ነው ዙሌካ መካኒሳ አቦ ከመጣች። ቶሌራ፣ የገዲሴ ባል፣ ሲሞት ሦስት ቀን ሙሉ ሱቋን ዘግታ እዚህ የዋለች ሴት ናት። ያ አንድ ቁልፍ መጫን ሃምሳ ሁለቱን ዓመት ሽሮ መጤ አደረጋት። ገዲሴን የከፋት፣ ቃሉ ከዙሌካ አፍ ሲወጣ አዲስ አለመምሰሉ ነው። ሲቀመጥ የኖረ ነገር ነው የወጣው።

ሌንሳ ግን ሰምታ አልተደናገጠችም። ዊኪ ምንም አይጥልም ብዬሽ አልነበር አለችና ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች። የገጹን የድሮ መልኮች አንድ በአንድ ከፈተች፤ የዙሌካን አገኘችው፣ ከነነጥቡ። ገዲሴ በወረቀት አውጪልኝ አለች። በማግስቱ ወረቀቱን በፌስታል ይዛ ተሳፍራ መካኒሳ አቦ ወረደች።

ዙሌካ ሱቁ ውስጥ ነበረች። ወረቀቱን ተቀብላ መነጽሯን አደረገች፤ ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ጥቁሩ ጭቃና ቀዩ ጭቃ ጋ ስትደርስ ጣቷን አኖረችበት።

"ሰው ያጠፋው መስሎኝ" አለች።

"ቡዜ አንብባ አታውቀውም። ማሽኑ ነው የዋጠው" አለቻት ገዲሴ። "አስተፍተነዋል።"

ዙሌካ ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ አንድ ነገር ተናገረች፤ "እመጣለሁ። ሁለተኛ ከዋጠኝ ግን አልመለስም። በዚህ ዕድሜዬ ሁለቴ እንግዳ መሆን አልችልም።"

ስለዚህ ሦስተኛው ፕሮግራም የመጨረሻ ዕድል ሆነ፤ ገዲሴ አወቀችው። ዙሌካ ከወጣች ሦስት ይቀራሉ። በድንኳኑ ውስጥ አራት ሆነው እንኳ ያላገኙትን መልካ ደግሞ ሦስት ሰው አያገኘውም።

ሦስተኛው ከባድ ነው። ሌንሳ አሮጌው ኮምፒውተር እንዲሸከመው ሜሞሪ ጨመረችለት፣ ሁለት ቀን ታገለችው። ሥራው ግን ያማረ ነው። አራቱም አንዱን ገጽ እኩል ይከፍታሉ። አንዱ ሲጽፍ ፊደሉ በሌላው ስልክ ላይ እዚያው፣ በዚያችው ቅጽበት ይታያል። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ቀለም አለው፤ ስሙ እንደ ባንዲራ እየተንጠለጠለ እሱ ባለበት መስመር ላይ ይቆማል። ማስቀመጥ የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ መዋጥ የለም። ሌንሳ ከሁለት ስልክ እየጻፈች ስታሳያት ገዲሴ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

እሑድ ከሰዓት ተቀጠረ። በስምንት ሰዓት የቡዜ ስም ቢጫ ሆኖ ብቅ አለ። የዙሌካ ሰማያዊ ሆኖ መጣ። የጋሽ ኮርሳ አረንጓዴ ነበር። ጋሽ ኮርሳ ቀስ ብለው፣ ፊደል በፊደል፣ እንደምን ዋላችሁ ብለው ጻፉ። ሴቶቹ መለሱ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው፣ ልጆቹስ፣ ያ ጉንፋን ለቀቀሽ ወይ። ገጹ በሰላምታ ሞላ።

ከዚያ ቆመ።

አራቱም ስሞች ገጹ ላይ ናቸው። አንድም ፊደል አይጨመርም። አሥር ደቂቃ አለፈ። ሌንሳ ገመዱን ነካካች። ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሌንሳ ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሣችው። ስሞቹ ጠፍተው ተመልሰው መጡ፤ አራቱም ሲመለሱ እንደገና ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው ተባለ፣ እንደገና ቆመ። ሌንሳ ፊቷ ቀላ። መስመሩን መረመረች፣ ፕሮግራሙን መረመረች፤ ሁሉ ደህና ነው፣ የሚጽፍ ግን የለም። ካንድ ሰዓት በኋላ ዱካው ላይ ተቀምጣ እጇን ጭኗ ላይ ጣለች።

"እማዬ፣ ይኸም አልሆነም። በቃ፣ እኔው እየደወልኩ የሰጡኝን ያህል እጽፋለሁ።"

ገዲሴ ቡዜ ጋ ደወለች። ለምን አትጽፊም ብላ ጠየቀቻት።

"አብደሻል እንዴ" አለች ቡዜ በሹክሹክታ፣ ሰው የሚሰማት ይመስል። "ጋሽ ኮርሳ እዚያው ቆመው እያየሁ? እሳቸው ሳይጨርሱ አፌን ልክፈት?"

ዙሌካም ያንኑ አለች። የአረንጓዴውን ስም ስታይ እጇ አልታዘዝ አላት። ገዲሴ ጋሽ ኮርሳ ጋ ስትደውል እሳቸው ደግሞ ሰው ሳይጠይቃቸው ተነሥተው መናገር ደግ አይደለም ብለው፣ ማንም ጠይቆኝ አላየሁም ብለው፣ ታብሌቱን ይዘው ሲጠብቁ ነበር። ገዲሴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ራሷንም ታዘበች። እሷም ያን ሁሉ ጊዜ አልጻፈችም። ቡዜን ስትጠይቅ እሷስ ለምን ቆማ ነበር?

ትልቅ ሰው ባለበት እንደዚህ ነው ያደጉት። ሸንጎ ላይ ታላቁ ይጀምራል፣ ሌላው ይሰማል፣ ተራው ሲደርስ ይናገራል። ፕሮግራሙ የጋሽ ኮርሳን ስም ገጹ ላይ ሲያቆም እሳቸውን ራሳቸውን፣ ከነዱላቸው፣ መሃል ላይ አቆማቸው።

ታዲያ ሁሉ ነገር እንደዚያ ነበር ወይ? ገዲሴ ዓይኗን ጨፈነች። የመጣላት አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ኅዳር ነው፣ የጋሽ ኮርሳ አባት ጤፍ ላይ ደቦ ተጠርቷል። ሃያ ሰው፣ ወንድና ሴት፣ ማሳው ጫፍ ላይ ተሰልፏል። ለያንዳንዱ ድርሻው ታይቶታል፣ ከዚህ ጉብታ እስከዚያ ጉብታ። ሽማግሌው መሃል ላይ ናቸው። አጎንብሰው ማጨዱን ሲጀምሩ ሁሉም ጀመረ፤ ማንም ሽማግሌው ድርሻቸውን እስኪጨርሱ አልቆመም። ቢቆም ይታማል እንጂ አይመሰገንም። እሷ በስተግራቸው ነበረች፣ ቀደመቻቸውም። ሽማግሌው ቀና ብለው አይተዋት፣ ይህች ልጅ ቤቴን ልትወስድ ነው ብለው ሰውን አሳቁባት።

ለጋሽ ኮርሳ የነገረቻቸው ይህንኑ ነው።

"ጋሽ ኮርሳ፣ ይኸ ሸንጎ አይደለም። ደቦ ነው።"

"ደቦ ከሆነማ" አሉ፤ "ድርሻዬ የታለ?"

ገዲሴ ወደ ሌንሳ ዞረች። ሌንሳ ሰምታለች። ጣቶቿ ገጹን አራት ቦታ ከፈሉት፣ ለያንዳንዱ ክፍል ርእስ አደረገች። ላይኛው ማሳና ከብቱ የጋሽ ኮርሳ። ጨፌውና ምንጮቹ የቡዜ። ወተት የሚሄድበት መንገድ የገዲሴ። ከወንዙ ማዶ እስከ ሱቁ ደጃፍ የዙሌካ። ገዲሴ ሁለቱን ሴቶች ደውላ፣ ሰው አትጠብቁ፣ እሳቸውም አይጠብቋችሁም፣ አጎንብሱ አለቻቸው።

አጎነበሱ። ቢጫው ተንቀሳቀሰ። ሰማያዊው ተንቀሳቀሰ። አረንጓዴው በዝግታ፣ ግን ሳያቋርጥ ሄደ። ሌንሳ ከእናቷ ትከሻ በላይ ቆማ አራት ቀለም በአንድ ገጽ ላይ እንደ ጎርፍ ሳይሆን እንደ ትልም ሲወርድ አየች። ቡዜ የከብቱን ምንጭ ቡርቃ ሎኒ ብላ ጻፈች፤ ገዲሴ ስሙን ስታይ ሃምሳ ዓመት ያልሰማችው ሰው በር ላይ የጠራት መሰላት።

ለትንሽ ጊዜ ሁሉም በድርሻው ቆየ። ከዚያ፣ ደቦ ላይ እንደሚሆነው፣ ወሰን መጣስ ተጀመረ። ገዲሴ በራሷ ክፍል፣ መልካው ጋ ከመሻገራችን በፊት ቅላችንን አውርደን አንድ ትልቅ ዛፍ ሥር እናርፍ ነበር ብላ ጻፈች። ቡዜ ቢጫዋን ይዛ መጥታ ከሥሩ ሾላ ነው ብላ ጨመረች። አረንጓዴው ከላይ ከማሳው ተነሥቶ ወረደ፤ ሾላ አይደለም፣ ሾላው ከአፋፉ ላይ ነው፣ እዚያ ሾላ ኖሮ አያውቅም አሉ ጋሽ ኮርሳ። ቡዜ አልተወችም፤ እርስዎ በሬ ሲነዱ ዛፍ አያዩም ነበር አለቻቸው። ሰባት ዓመት ሙሉ ተቀምጬበታለሁ አለች። ሌንሳ ሳቋን መያዝ አልቻለችም። አራተኛ ፎቅ ያለ ሽማግሌና ጀሞ ያለች አሮጊት በሌለ ዛፍ ይጣላሉ።

ሰማያዊው ዝም ብሎ ነበር። ገዲሴ ሰማያዊው ላይ ዓይኗን ተከለች። ዙሌካ ይህን የባላገሩን ጠብ ስታይ ተመልሳ እንግዳ እንዳትሆን ፈራች፤ ልትደውልላት ስልኳን አነሣች። ያኔ ፊደል መጣ።

እኔ ዛፉን አላውቅም ብላ ጀመረች ዙሌካ። ተሻግሬ አላውቅም። ግን የመጣሁ ዓመት አገሩ አልለመደኝም፣ አለቅስ ነበር። ደገፋ እህል ጭኖ ሲመጣ በኪሱ ፍሬ ይዞልኝ ይመጣል፤ ከመልካው ነው የለቀምኩት፣ እህቴ፣ ይለኛል። ቢጫ ነው፣ ትንንሽ ነው፣ ይጣፍጣል፤ ጣቴን እያጣበቀኝ ቅሌን መያዝ ያቅተኝ ነበር።

አረንጓዴው ስም ከዙሌካ ጽሑፍ ሥር መጥቶ ቆመ። ገዲሴ ጋሽ ኮርሳን አራተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ጣታቸው ከታብሌቱ በላይ ተንጠልጥሎ፣ በዓይነ ልቦናዋ አየቻቸው። ከዚያ ፊደሎቹ አንድ በአንድ ወረዱ።

ዋንዛ ነው። ዋንዛ ነበር፣ ድልድዩ ሲሠራ ተቆረጠ። መልካ ወዴሳ። የመልካው ስም መልካ ወዴሳ ነው።

ወዴሳ በኦሮምኛ ያው ዋንዛ ነው። ገዲሴ ከሥሩ ተቀምጣበት፣ ቡዜ ተጣልታለት፣ ዙሌካ ሳታየው ፍሬውን በልታ፣ ጋሽ ኮርሳ በሬ አሻግረውበት፣ ለየብቻ ሲጠየቁ ስሙ ማንም ጋ አልነበረም። ቡዜ ሾላዋን ራሷ ሰረዘችው። ከዚያ በዙሌካ ክፍል ገብታ፣ እዚያ ድርሻ የተተወላት ይመስል፣ ይኸን ዙሌካ ነች ያገኘችው ብላ ጻፈች። ዙሌካም ጥቁሩን ጭቃና ቀዩን ጭቃ እንደገና ከመጀመሪያው መጻፍ ጀመረች።

ሲመሽ ስሞቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ጋሽ ኮርሳ ሳይሰናበቱ መሄድ አልሆነላቸውምና ደህና እደሩ ብለው ጽፈው ሄዱ። ሌንሳ ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆማ፣ እንግዲህ ከሦስቱ ይኸኛው ይሁን ወይ ስትል ጠየቀች። ይከብዳል አለች፤ አሮጌውን ማሽን ያስጨንቀዋል፣ እኔንም ደጋግሜ እንድንከባከበው ያስገድደኛል።

"ደቦው ይሁን" አለች ገዲሴ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙ በቤቱ በዚያ ስም ቀረ።

በሳምንቱ የደገፋ ልጅ ሀና ደወለች። ወሬው ደርሷት ነው። አባቷ ትቶት ከሄደው ሣጥን ውስጥ ምንም ወረቀት የለም፣ ምክንያቱም አይጽፍም ነበር አለች። ግን ልጅ ሆና ትከሻው ላይ ተቀምጣ እያለፉ አንዳንድ ቦታ ይጠራላት ነበር፤ ስሙን እንጂ ቦታውን አታውቅም። ገጹን ልየው ወይ አለች፤ ካልከበዳችሁ።

ገዲሴ ሌንሳን ጠርታ አምስተኛ ድርሻ እንድትጨምር ነገረቻት። ሌንሳ ርእሱን ምን ልበለው ስትል ገዲሴ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ስልኳን ይዛ በራሷ ጣት፣ ፊደል እየፈለገች፣ ጻፈችው፤ ከመልካ ወዴሳ ወደ ላይ፣ ደገፋ በሚሄድበት በኩል።

እሑድ በስምንት ሰዓት አምስት ስም ገጹ ላይ ነበር። የሀና ቀለም ብርቱካን ነው። ሰላምታ ሰጥታ ቆመች፤ ትልልቆቹ እስኪጀምሩ እየጠበቀች መሆኗ ነው። ከሁሉ ቀድመው የጻፉላት ጋሽ ኮርሳ ናቸው።

ልጄ፣ አጎንብሺ።